ካራማራን ተሻግሮ የተነበበ ጽሑፍ

ሐረር፣ ጠዋት። የጅግጅጋው ሚኒባስ እስኪሞላ ጀጎል ውስጥ ራምቦ ቤት ገብቼ ቆየሁ። ቤቱ በፈረንሳዊው ገጣሚ በአርተር ራምቦ ስም ይጠራል፤ ሰውየው ግን ሐረር የገባው ግጥምን እርግፍ አድርጎ ከተወ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ እዚህ ሲደርስ ዕድሜው 26 ነበር። ዛሬ ዓለም የሚያነብለትን ግጥም ሁሉ ጽፎ ጨርሶ ነጋዴ ሆኗል። በ1873 ብራስልስ ያሳተማት ትንሽ መጽሐፍ የማተሚያ ሒሳቧ ስላልተከፈለ አብዛኛው ቅጂ አታሚው ዘንድ ቀረ። ጥቅሉ የተገኘው በ1901፣ ገጣሚው ከሞተ ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው።

ራምቦ ሐረር ላይ ዝም አለ ይባላል። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ ዝም ያለ አይመስለኝም። ሶማሌዎች ስለሚኖሩበት ስለ ኦጋዴን ያዘጋጀው ዘገባ በ1884 በፓሪሱ የጂኦግራፊ ማኅበር ታትሞለታል። ለእናቱና ለእህቱም ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ዘገባውን የሚቀበል ማኅበር ነበረው፤ ደብዳቤውን የምትጠብቅ እናት ነበረችው። ለግጥሙ እንዲህ ያለ ጠባቂ በጊዜው ያገኘ አይመስልም። ሌላ ሰው ሌላ ምክንያት ይሰጠው ይሆናል፤ እኔ በዚያ ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጬ ያሰብኩት ይህን ነው።

እዚሁ ሐረር በ1924 ዓ.ም. የተወለደው ገብረ ክርስቶስ ደስታም ትዝ አለኝ። ሥዕሉን ለሕዝብ እያሳየ የኖረ ሰው የግጥም መድበሉን በመጽሐፍ ሳያየው በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ ኦክላሆማ አረፈ። «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» የታተመው በ1998 ዓ.ም. ነው።

ስለ ሁለቱም የማስበው ያለ ምክንያት አይደለም። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ክላሰር አለ። ስለ አባቴ የጀመርኩት ጽሑፍ ነው። አባቴ በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ካራማራ ተራራ ላይ ከተዋጉት ወታደሮች አንዱ ነበር። ጽሑፉ ግማሽ ላይ ከቆመ ዓመታት አልፈዋል። ልጽፍ ስቀመጥ እጄ አይታዘዘኝም። አንድ ዐረፍተ ነገር ጽፌ እሰርዛለሁ፤ ተነሥቼ ቡና አፈላለሁ፤ ተመልሼ የሰረዝኩትን መልሼ እጽፋለሁ፤ ከዚያ ይመሻል። ለቅርብ ጓደኛ እንኳ አሳይቼው አላውቅም። እህቶቼ «የአባባን ነገር አደባባይ አወጣኸው» ይሉኛል ብዬ እፈራለሁ። ከእነሱም በላይ የምፈራው ከተራራው ማዶ ያለውን አንባቢ ነው፤ አባቱ በሌላው ምሽግ የነበረውን።

መንገድ ላይ። ባቢሌ ሚኒባሱ ሲቆም ሴቶች ኦቾሎኒ ይዘው መስኮቱን ከበቡት። ከባቢሌ ወዲያ የዳካታ ሸለቆ ነው፤ ቋጥኝ በቋጥኝ ላይ ተደራርቦ ዛሬ ነገ ይወድቃል የሚያሰኝ አገር። ከዚያ የፋፈን ወንዝ፣ ከዚያ ሽቅብ። ተሳፋሪው ሁሉ ሲያወራ ቆይቶ ካራማራ ላይ ስንደርስ እኔ ብቻ ዝም ማለቴን ሾፌሩ በመስታወት አየ መሰለኝ፣ «መጀመሪያህ ነው?» አለኝ። ነው አልኩት።

ጅግጅጋ መስከረም 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦር እጅ ወደቀች። የኢትዮጵያ ጦር ከኩባ ወታደሮች ጋር ሆኖ መልሶ የያዛት የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ያለውን ጊዜ አባቴ በሦስት ዐረፍተ ነገር ይጨርሰው ነበር። ብርድ ነበር። ውሃ አልነበረም። ጓደኞች ነበሩን። ከዚያ በላይ ስንጠይቀው ሬዲዮ ይከፍታል። ተራራውን ሳየው ያሰብኩትን ያህል ረጅም አይደለም፤ ከላዩ ሆኖ ወደ ምሥራቅ የሚታየው ሜዳ ግን ማለቂያ የለውም።

ጅግጅጋ፣ ማታ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ግድም ስለሆነች ፀሐይ ስትገባ ቆላ ነው ብሎ ሹራብ ያልያዘ እንግዳ ይበርደዋል። ባጃጆች፣ ረጅም ጋርባሳር የለበሱ ሴቶች፣ በግመል ወተት የፈላ ሻይ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ የተጻፉ የሱቅ ስሞች። አስተናጋጄ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ ጅግጅጋ ተወልዶ እዚሁ ያደገ ወጣት። «ጋሼ» ይለኛል። እራት ላይ ለምን እንደመጣሁ ሲጠይቀኝ ጽሑፍ እንቢ እንዳለኝ ነገርኩት። ምንም ሳይመልስ የዊልዋልን ተረት ያወራኝ ጀመር።

ጋራድ ዊልዋል በ19ኛው መቶ ዘመን ይህን አካባቢ ያስተዳድር የነበረ ሰው ነው፤ የጅግጅጋ አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራል። ሶማሌዎች በብልኅነቱና ሕዝቡን በእንቆቅልሽ በመፈተኑ ያስታውሱታል። አንድ ቀን ወንዶቹን ሰብስቦ ሰውን ከሰው የሚያፋቅረውንም የሚያጣላውንም የበግ ሥጋ ይዛችሁልኝ ኑ አላቸው። ባለጸጎቹ ምርጥ ምርጡን አረዱ፤ ጎድኑን፣ ወርቹን፣ ጉበቱን። አንድ ድሃ እረኛ ግን ልጁን አማከረ። ልጅቱ «አባ፣ ጉሮሮውን ውሰድ» አለችው። አባት አፈረ። ጉሮሮ ለጋራድ ይቀርባል? ቢሆንም ይዞ ሄደ፤ ሰው እንዳያይበት ደብቆ ወደ ኋላ ቆመ። ተራው ደርሶ ሲያወጣው ሕዝቡ ሳቀ። ዊልዋል ግን ሌላውን ሁሉ ትቶ እሱን መረጠ፤ ሰው በጉሮሮው ስስት ይጣላል፣ የጉሮሮውን ሲያካፍል ይፋቀራል ብሎ። ይህን ማን አሰበው ሲለው አባት «ልጄ ናት» አለ።

መምህሩ ተረቱን ሲጨርስ አንድ ነገር ጨመረ። «ጋሼ፣ ልጅቷ ብልኅ መሆኗ ብቻውን ምንም አያደርግም ነበር። አባቷ እያፈረም ቢሆን ይዞት ሄደ። ስሟንም አልደበቀም።» ተረቱን በልጅነቱ ከአያቱ መቶ ጊዜ ሰምቶታል፤ የልጅቷን አባት ኀፍረት ልብ ያለው ግን ራሱ መጻፍ ከጀመረ በኋላ መሆኑን ነገረኝ።

በማግስቱ ከተማሪዎቹ አንዷን አስተዋወቀኝ። በሶማሊኛ ግጥም ትጽፋለች። ደብተሯን ይዛ መጥታ ከከረጢቷ ሳታወጣው አንድ ሰዓት ሙሉ አወራን። አያቷ በሰርግ ላይ ቡራንቡር በማውጣት የታወቁ ናቸው፤ ቡራንቡር ሴቶች በከበሮና በጭብጨባ የሚሉት ግጥም ነው።

«አያቴ ማንበብ አይችሉም» አለችኝ፤ «ግን ሲነሡ ቤቱ ሁሉ አብሮ ይነሣል። አይፈሩም።»

«አንቺስ ምን ያስፈራሻል?»

«የእሳቸው ከአፋቸው ይወጣና ሰው ይቀበለዋል። የእኔ ወረቀት ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል።»

ይህን ስትለኝ የራሴን ክላሰር አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ ከአያቷ አለመፍራት ጀርባ ያለውን ሌላ እውነት ነገረችኝ። ገበይ የሚባለውን የወንዶቹን ግጥም በቃል ሸምድደው ከመንደር መንደር የሚያደርሱት ሰዎች ባብዛኛው ወንዶች ስለነበሩ የሴቶቹ ግጥም ከሴቶች ክበብ ብዙም አልወጣም። በሶማሌ ሥነ ቃል ላይ የሠሩ አጥኚዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ብዙ ቡራንቡር ከነባለቤቷ ስም ጠፍቷል። አያቷ በሕይወት አሉ። የልጅ ልጃቸው ግጥሞቻቸውን በስልክ መቅዳት ጀምራለች። የራሷን ደብተር ግን ያን ቀን አልከፈተችም፤ እኔም አልለመንኳትም።

ስለ ሶማሌው ደራሲ ስለ ኑሩዲን ፋራህም አወራን። እ.ኤ.አ. በ1945 ባይዶዋ ተወልዶ ያደገው በዚሁ ክልል ደቡብ በቀላፎ ነው፤ እናቱ ገጣሚ ነበሩ፤ እሱም በልጅነቱ አማርኛ፣ ዐረብኛና እንግሊዝኛ ተምሯል። በ1973 በሶማሊኛ የጀመረው ልብ ወለድ ሞቃዲሾ ውስጥ በጋዜጣ በተከታታይ ሲወጣ ሳንሱር አስቆመው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በእንግሊዝኛ ያሳተመው ሌላ መጽሐፍ ከአገር አስቀረው፤ ሶማሊያን ደግሞ ያያት በ1996 ነው። መጻፉን ግን አላቆመም። ተማሪዋ መጽሐፎቹን በተቀዳደደ ፎቶ ኮፒ ነው ያነበበቻቸው። «ከእኛ ወንዝ ዳር ነው የወጣው» ስትል ፊቷ በራ።

መምህሩ የገበይን ሥርዓት ሲያስረዳኝ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥቼ ጻፍኩ። ገጣሚው ግጥሙን በጭንቅላቱ ውስጥ ይሠራዋል፤ ግመል እየተከተለ፣ ሌሊት እየተገላበጠ፣ ሰዓታት ወይም ቀናት ይፈጅበታል። ግጥሙ ከላይ እስከ ታች በአንድ ድምፅ መያያዝ አለበት፤ በ«ደ» ከጀመረ እያንዳንዱ መስመር በ«ደ» የሚጀምር ቃል ይፈልጋል። ሲጨርስ ለሚሸመድዱ ሰዎች ይላቸዋል። ሸምዳጁ አንድ ቃል የመለወጥ መብት የለውም። ሌላ ቦታ ሄዶ ከማለቱ በፊት የገጣሚውን ስም፣ ግጥሙ መቼና በምን ምክንያት እንደተባለ መናገር ግዴታው ነው። የሰውን ግጥም የራሴ ነው ማለት ነውር ነው። ሶማሊኛ በይፋ የላቲን ፊደል ያገኘው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1972 ነው፤ እኛ አገር በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ቆይቶ በኋላ ወደ ላቲን ዞሯል። ግጥሙ ግን ፊደል እስኪመጣለት አልጠበቀም።

የጎጃምና የጎንደር ቅኔ ቤት ትዝ አለኝ። የቅኔ ተማሪ ቀን ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ሲቆጥር ውሎ ማታ መምህሩ ዘንድ ይነግራል። መጀመሪያ የሚሰጠው ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና ናት፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ጋ የሚደርሰው ብዙ ማታ ተነግሮ፣ ብዙ ማታ ታርሞ ነው። መምህሩ «ይህ አልገባም» ይለዋል፣ ነገ ደግሞ ይመጣል። ባዶ አፉን መምጣት የሚያሳፍር ስለሆነ ትንሽም ቢሆን ይዞ ይመጣል። ከግመል ጠባቂው ገጣሚና ከቆሎ ተማሪው ጋር ራሴን ሳስተያይ አንድ ልዩነት ጎልቶ ታየኝ። የእነሱን ሥራ የሚቀበል ጆሮ ቀድሞ ይታወቃል፤ ሥራው የሚደበቅበት ቦታም የለም። እኔ ግን መሳቢያ አለኝ። መጻፍ ያቃተኝና ማሳየት የፈራሁት በአንድ በሽታ ነው ብዬ ያመንኩት ያን ቀን ነው፤ እስካሁንም አምናለሁ።

ቶጎ ውጫሌ። ከጅግጅጋ ወደ ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ግድም፤ ሜዳውን ሰንጥቆ የሚሄድ መንገድ። ከተማዋ ድንበር ላይ ስለሆነች ግማሿ የእኛ፣ ግማሿ የማዶ ናት። አቧራ፣ የጭነት መኪና፣ ግመል፣ ጨርቅ፣ ሩዝ በጆንያ። መኪናዎቹን ሳይ መምህሩ ስለ አብዲ ሲኒሞ ነገረኝ፤ ከዚህ ማዶ ከቦረማ አካባቢ የነበረ ሾፌር ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት አልነሣ ሲለው ባልዎ የሚባለውን አጭር የፍቅር ዜማ አወጣ ይባላል። ከዚያ ሾፌሮች ተቀባበሉት፤ ከከተማ ከተማ በጭነት መኪና ተጓዘ። ሽማግሌዎችና የሃይማኖት ሰዎች ቀልድ ነው፣ ብልግና ነው ብለው ተቃወሙት። ሴት ልጅ በአደባባይ መዝፈኗ ነውር በነበረበት በዚያ ዘመን ኸዲጃ የምትባል ሴት ከባልዎ ዘፋኞቹ ጋር ቆማ ዘፈነች፤ ሰው ኸዲጃ ባልዎ አላት። የዘመናዊው የሶማሌ ዘፈን ታሪክ ሲጻፍ የሚጀመረው ከዚያ ከተበላሸ መኪና ነው።

ከውጫሌ እስከ ሐርጌሳ ሩቅ አይደለም። እዚያ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጽሐፍ ትርዒት ይካሄዳል፤ ከጅግጅጋም የሚሻገሩ ወጣቶች አሉ። ሻይ ቤት ያገኘሁት አንድ ልጅ እዚያ የገዛውን መጽሐፍ በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞታል። ደራሲው ፊት ለፊት ቆሞ ሲያነብ ማየቱ ከመጽሐፉ የበለጠ እንደገረመው ነገረኝ።

ቀብሪ በያህ። ከጅግጅጋ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከሶማሊያ ለሸሹ ሰዎች በ1983 ዓ.ም. የተከፈተው መጠለያ እስከ ዛሬ አለ። መምህሩ አጎቱ ዘንድ ወሰደኝ። አዛውንቱ ሽርጥ አገልድመው፣ ጺማቸውን ሂና ተቀብተው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። «አደር» አልኳቸው፣ አጎቴ ማለት ነው፤ እሳቸውም እንዳገራቸው ወግ መልሰው «አደር» አሉኝ። ጎረቤቶች መጡ። ሻይ ተቀዳ። መምህሩ ጽሑፍ ይዤ እንደመጣሁ ነገራቸውና ሁሉም ዞረው አዩኝ። ክላሰሩን አወጣሁ፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ላነብ ስል አዛውንቱ እጃቸውን አነሡ። «ቆይ። መጀመሪያ ንገረን። የማን ነገር ነው? መቼ የሆነ ነው? አንተን ምን አስጻፈህ?»

ጽሑፌ ውስጥ ይህ አልነበረም። በጦርነቱ ታሪክ፣ በቀንና በቦታ፣ በተራራው መልክ ነበር የጀመርኩት። ስለዚህ ከወረቀቱ ውጭ መናገር ጀመርኩ። አባቴ ወታደር እንደነበረ፣ ካራማራ ላይ እንደተዋጋ ነገርኳቸው። ክፍሉ ትንሽ ጸጥ አለ። ከዚያ ምን እንዳስጻፈኝ ልነግራቸው ስሞክር አንድ ነገር ከአፌ ወጣ። አባቴ እስኪሞት ድረስ አልጋው ሥር ውሃ የሞላ ጀሪካን ሳያስቀምጥ ተኝቶ አያውቅም ነበር። ቧንቧ ግቢያችን ውስጥ አለ። ቢሆንም ጀሪካኑ ይሞላል። እናቴ በየሳምንቱ ውሃውን ትቀይረው ነበር፤ ለምን ብላ አትጠይቀውም። እኛም አልጠየቅነውም።

መምህሩ ሲተረጉም አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ጊዜ ልጅ ነበሩ፤ ፍየል ይጠብቁ ነበር። የቤተሰባቸውን ብርካ፣ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበትን ጉድጓድ፣ ወታደሮች መጥተው ባንድ ቀን ጨረሱት። «የማን ወታደሮች እንደነበሩ አላውቅም» አሉ። «ወታደሮች ነበሩ፣ ጠምቷቸው ነበር። ከብቶቻችን ሞቱ።» ጥቂት ቆዩና «አሁን አንብብ» አሉኝ።

አነበብኩ። መምህሩ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ይተረጉማል። አንድ ቦታ ላይ ስለ ጀግንነት ያሳመርኩት አንቀጽ ነበር፤ ደጋግሜ ያረምኩት፣ የምወደው። አዛውንቱ አስቆሙኝ። «ይህ ያንተ ነው። የአባትህ አይመስልም» አሉ። እውነታቸውን ነው። እዚያው ሰረዝኩት። ሌላ ቦታ ላይ፣ አባቴ ጓደኛው ሲያንኮራፋ ጠላት ይሰማናል ብሎ አፍንጫውን ይዞት ያደረበትን ሳነብ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ያን አንቀጽ ለማውጣት አስቤ ነበር። ስንለያይ አዛውንቱ ጨርሰህ ላክልን አሉኝ፤ መምህሩ ያነብላቸዋል።

በዚያ ሌሊት ጅግጅጋ ሆቴል ውስጥ ከጀሪካኑ ጀምሬ ጻፍኩ። መጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ሲመጣ አልሰረዝኩትም፤ አዛውንቱ ሰምተውት ስለነበር። ለእሳቸው የነገርኩትን እንዳለ አስቀምጬ ቀጠልኩ። አራት ገጽ ሲሞላ ታላቅ እህቴ ዘንድ ደውዬ በስልክ አነበብኩላት። ለረጅም ጊዜ መልስ አልሰጠችኝም። «ጀሪካኑን እኮ ረስቼው ነበር» አለች በመጨረሻ፤ ከዚያ እኔ የማላውቀውን ትነግረኝ ጀመር። የአባባን ነገር አደባባይ አወጣኸው አላለችኝም።

ተማሪዋም ከጅግጅጋ ከመነሣቴ በፊት ደብተሯን ለመምህሩ ሰጥታዋለች። ለእኔ አላሳየችኝም፤ ለማን እንደምታሳይ የመምረጥ መብቷ ነው። የአያቷን ቡራንቡሮች ግን ከነስማቸውና ከነሰርጉ ዓመት እየጻፈች መሆኗን ነግራኛለች።

በ1970 ዓ.ም. የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ሰባን እየነካ ነው። አባታችሁ፣ አጎታችሁ ወይም እናታችሁ በዚያ ዓመት ከካራማራ በየትኛውም ወገን የነበሩ አንባቢዎች፣ በሕይወት ካሉ ዛሬ ማታ ጠይቋቸው፤ ከሌሉም የሚያስታውሷቸውን ጠይቁ። የሰማችሁትን ጻፉት፤ ለኅትመት ከመስጠታችሁ በፊትም ከማዶ ለሆነ ለአንድ ሰው ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት።